ሰፊ ምድር፣ የተከለለ ማደሪያ፦ በሰሜን ዳኮታ ድንኳን መትከያ ፍለጋ



ዛሬ የምንጽፍላችሁ ቀላል ስለሚመስል ጥያቄ ነው፦ ሲመሽ የት ይታደራል? ከተማ ውስጥ መልሱ ገንዘብ ነው፤ ሆቴል ተከፍሎ ይታደራል። ከአንዱ ከተማ እስከ ሌላው አንድ ሰዓት በሚነዳበት ሰፊ የሣር ምድር ላይ ግን ጥያቄው ይከብዳል። ይህን ያየነው በአሜሪካ፣ በሰሜን ዳኮታ ግዛት ባደረግነው የአራት ሌሊት ጉዞ ነው።

እኛ በሚኒያፖሊስ የምንኖር አንድ ቤተሰብ ነን። ሦስት ወንድማማቾች፣ እህታችን፣ የሁለቱ ወንድሞች ባለቤቶች፣ የአጎታችን ልጅና አባታችን፣ በጠቅላላው ስምንት ሰዎች በሁለት መኪና ወጣን። መድረሻችን ሮስ የምትባል በጣም ትንሽ መንደር ነበረች። እዚያ አጠገብ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከዛሬዎቹ ሶሪያና ሊባኖስ የመጡ ሙስሊም ገበሬዎች ሰፍረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 መስጂድ ሠሩ። በአሜሪካ ምድር ለመስጂድነት ታስበው ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ከሚባሉት አንዱ ነው። አባባ ይህን ከሰሙ ጀምሮ «ቀብራቸውን ሳልዘይር አልሞትም» ይሉ ነበር።

ለስምንት ሰው በየሌሊቱ ሆቴል መክፈል አቅማችን አልነበረም። አባባም «ከብት ጠባቂ ሆኜ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ሜዳ ላይ ማደር ለእኔ ብርቅ አይደለም» አሉ። ችግሩ እናታችን ናቸው። ሦስት ሂጃብ የለበሱ ሴቶች፣ ጥቁር ቤተሰብ፣ ማንም በማያውቀን ገጠር በድንኳን ማደራችን አስጨነቃቸው። በመጨረሻ አንድ ሁኔታ አስቀምጠው ፈቀዱ፦ «በየቀኑ አስር ሳይገባ የምታድሩበትን ቦታ ትነግሩኛላችሁ። ካላወቃችሁት ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ከተማ ገብታችሁ እደሩ።» ቃል ገባን።

ባዶ ማለት ባለቤት የለውም ማለት አይደለም

ከሚኒያፖሊስ ተነስታችሁ 380 ኪሎ ሜትር ያህል ስትነዱ ፋርጎ ትደርሳላችሁ። ከዚያ በኋላ ምድሩ ይዘረጋል። ስንዴ፣ የሱፍ አበባ፣ ካኖላ፣ ሣር፤ ዛፍ የሚታየው ከቤት አጠገብ ወይም በእርሻ ዳር በመስመር የተተከለው ብቻ ነው። የመጀመሪያው ስሜታችሁ «ይህ ሁሉ ባዶ መሬት እያለ ማደሪያ ምን ያሳስባል?» የሚል ይሆናል።

ነገር ግን ምድሩ እንደ ገበታ ጨርቅ በአራት ማዕዘን የተከፋፈለ ነው። ቀያሾች አገሩን ሁሉ አንድ ማይል በአንድ ማይል እየለኩ ከፋፍለውታል። እያንዳንዱ አራት ማዕዘን 640 ኤከር ነው። በ1862 የወጣው የሆምስቴድ ሕግ ለአንድ ሰፋሪ የዚህን ሩብ፣ ማለትም 160 ኤከር፣ አምስት ዓመት ኖሮበት ካረሰው በነፃ ይሰጠው ነበር። የሮስ ሙስሊሞችም መሬት ያገኙት በዚሁ ሕግ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሰው የማይታይበት ሜዳ አብዛኛው የአንድ ሰው ርስት ነው። አጥር ባይኖረውም ሳያስፈቅዱ ድንኳን መትከል የሰው ሐቅ መንካት ነው።

አባባ ይህን ስናስረዳቸው ገረማቸው። ያደጉት ወሎ፣ ከሚሴ አካባቢ ነው። በእርሳቸው ዘመን የመሸበት መንገደኛ ካገኘው ቤት ደጃፍ ቆሞ «የአላህ እንግዳ ነኝ» ይላል፤ ባለቤቱም ያለውን አቅርቦ ያሳድረዋል። «እዚህ ታዲያ የመሸበት ሰው ማንን ይጠይቃል?» አሉን። «ካርታውን» ብለን መለስን። ለሁለት ቀን ያህል መልሱ እውነት መስሎን ነበር። የሦስተኛውን ቀን ወደ ኋላ እንነግራችኋለን።

የመጀመሪያው ሌሊት፦ የትንሽ ከተማ ፓርክ

በፕሬሪ ብዙ ትናንሽ ከተሞች የሕዝብ ፓርካቸውን አንድ ጥግ ለድንኳንና ለተጎታች ቤት ይለቃሉ። የመጠጥ ውሃ፣ መጸዳጃ፣ ጠረጴዛ፣ አንዳንዴም የመብራት ሶኬት ይኖራል። ይህን የሚያስተዋውቅ የለም። የምታገኙት የከተማውን ስምና «ፓርክ» የሚለውን ቃል ፈልጋችሁ፣ ወይም ማዘጋጃ ቤቱ ጋር ደውላችሁ ነው። እኛ ከመነሳታችን በፊት ሦስት ከተሞች ጋር ደወልን። ሁለቱ አላነሱም። ሦስተኛዋ ላይ የመለሱልን ሴት «ኑ፣ ቦታ አለ፤ ገንዘቡን ሳጥን ውስጥ ክተቱ» አሉን።

ሳጥኑ እውነትም ሳጥን ነው። በመግቢያው ላይ መሬት ውስጥ የተተከለ የብረት ቱቦ፣ አጠገቡ ፖስታዎች። የመኪናችሁን ታርጋና የምታድሩበትን ቀን ፖስታው ላይ ትጽፋላችሁ፣ ብሩን ከታችሁ ትጨምራላችሁ። ዘበኛ የለም፣ ካሜራም አላየንም። አባባ ፖስታውን ራሳቸው ካልከተትኩ አሉ። «ይህ አማና ነው፤ ሰው ሳያይህ የምትከፍለው ነው ክፍያ» አሉ። እዚህ ላይ አንድ ምክር፦ ዝርዝር ዶላር ያዙ። መልስ የሚሰጥ የለም።

ሌሊት ስድስት ሰዓት ገደማ የካውንቲው ሸሪፍ መኪና ቀስ ብሎ ገብቶ ድንኳኖቻችን ፊት ቆመ። የመኪናው መብራት ድንኳኑን ሲያበራው ሁላችንም ነቃን። እህታችን እጇ ሲንቀጠቀጥ አይተናል። ሁለት ወንድሞች እጃቸውን ግልጽ አድርገው ወጡ። መኮንኑ ከየት እንደመጣን ጠየቀ፤ ነገርነው። ከዚያ ወደ ምዕራብ ሰማይ አመለከተ። መብረቅ ይታያል። «ከአንድ ሰዓት በኋላ ከባድ ነፋስ ይመጣል። ድንኳኑ ካልያዘላችሁ ያ የኮንክሪት መጸዳጃ ቤት ክፍት ነው፤ እዚያ ግቡ» ብሎን ሄደ። አልሐምዱሊላህ። ነፋሱ ሲመጣ አንዱ ድንኳን ተነቀለ፤ ስምንታችንም ኮንክሪቱ ቤት ውስጥ ቆመን ዚክር እያደረግን አሳለፍነው።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ቦታ ስንመርጥ መጀመሪያ የምናየው ነፋስ ከወዴት እንደሚመጣና በአቅራቢያ ምን ጠንካራ ቤት እንዳለ ሆነ። በመስመር የተተከሉት ዛፎችም ለምን እንደተተከሉ ገባን። በ1930ዎቹ ድርቁ አፈሩን በነፋስ ሲያስወስደው መንግሥት ከሰሜን ዳኮታ እስከ ቴክሳስ የነፋስ መከላከያ ዛፍ አስተክሏል፤ ከ1935 እስከ 1942 ከ200 ሚሊዮን በላይ ዛፍ። ድንኳናችሁን ከእንዲህ ዓይነት ረድፍ ጀርባ ብትተክሉ ሌሊቱ ሌላ ሌሊት ይሆናል።

ሁለተኛው ሌሊት፦ የግድቡ ሥር

በሚዙሪ ወንዝ ላይ ያሉትን ትላልቅ ግድቦች የሚያስተዳድረው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የመሐንዲሶች ክፍል ነው። ይህ መሥሪያ ቤት በየግድቡ ዳር የካምፕ ቦታዎች አሉት። ንጹሕ ናቸው፣ ጥላ አላቸው፣ «ሪክሪዬሽን ዶት ጎቭ» በሚባለው የፌዴራል መንግሥት ገጽ አስቀድሞ ይያዛሉ። እኛ ያደርነው በጋሪሰን ግድብ ሥር፣ «ዳውንስትሪም» በሚባለው ቦታ ነው። እናታችን ጋር ከዙህር በፊት ደውለን የቦታውን ቁጥር ሳይቀር ነገርናቸው። ደስ አላቸው።

እዚያ አንድ ያልጠበቅነው ነገር ገጠመን። የካምፑ ሕግ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ጸጥታ ይላል። በሰኔ አጋማሽ ደግሞ በዚያ አገር ፀሐይ የምትጠልቀው 4 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው! መግሪብ ሲገባ የጸጥታው ሰዓት ይጀምራል። የኢሻና የፈጅር ወቅትም ሊገናኙ ምንም አይቀራቸውም። አዛኑን ድምፅ ዝቅ አድርገን፣ መግሪብና ኢሻን እንደ ሙሳፊር አንድ ላይ ሰገድን። አገር ቤት ወደ ሰሜን እንደምትዞሩት እዚያ ቂብላ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው። በቀኛችን የተጎታች ቤት ጎረቤቶች ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ያዩን ነበር። ሰላት ስንጨርስ አንዱ አዛውንት መጥተው የማገዶ እንጨት ሰጡን። ስለ ሰላቱ ምንም አልጠየቁም።

ግን ያ ውሃ ታሪክ አለው፤ ብናልፈው ጥሩ አይሆንም። የግድቡ ሥራ በ1947 ተጀምሮ በ1953 ወንዙ ሲዘጋ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ሐይቅ ተፈጠረ። ውሃው የሸፈነው የማንዳን፣ የሂዳትሳና የአሪካራ ሕዝቦችን ምርጥ የእርሻ መሬት ነው፤ ከ150 ሺህ ኤከር በላይ። ኤልቦውድስ የምትባለው ዋና ከተማቸው ከነሆስፒታሏ ሐይቁ ሥር ናት። እኛ በጥቂት ዶላር የምናድርበት ዳርቻ ሌሎች ቤታቸውን ያጡበት ነው። ከሐይቁ ወዲህና ወዲያ ባለው የፎርት ቤርትሆልድ የሕንዳውያን ክልል ላይ ለማደር የሚያስፈልገው ፈቃድ የሚገኘው ከጎሣው አስተዳደር ነው። የካርታ አረንጓዴ ቀለም ፈቃድ አይሆንም።

ሦስተኛው ሌሊት፦ ካርታው ያለቀበት

ከማይኖት ከተማ በስተምዕራብ፣ በሮስ አቅራቢያ፣ አንድ የግል ካምፕ ቦታ ጋር ቀደም ብለን ደውለን «ኑ» ተብለን ነበር። የደረስነው ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ላይ ነው። አስር ሊገባ አንድ ሰዓት ያህል ቀርቷል። በር ላይ ያገኘነው ሰው ወደ መኪኖቻችን አየና «ድንኳን አንቀበልም፤ ተጎታች ቤት ብቻ» አለን። በስልክ ድንኳን መሆኑን ነግረን እንደነበር አስታወስነው። ትከሻውን ነቀነቀ። ውስጡን ስናይ እውነትም ጠጠር ላይ የቆሙ ተጎታች ቤቶች ብቻ ናቸው። ከ2008 አካባቢ ጀምሮ በዚያ አገር ነዳጅ በብዛት መውጣት ሲጀምር ሠራተኛ ጎርፎ ነበር፤ ካርታ ላይ «ካምፕ» የሚባሉ ብዙ ቦታዎች የሠራተኛ መኖሪያ ሆነዋል። ሰውየው ደንቡን ነው የነገረን ወይስ እኛን አይቶ ነው? አናውቅም። አልተከራከርንም፤ ወጣን።

መኪናው ውስጥ ጸጥ አልን። ከእኛ መካከል ግማሾቹ «ቃል ገብተናል፤ ወደ ማይኖት ተመልሰን ሆቴል እንያዝ» አሉ። መመለስ ማለት አንድ ሰዓት መንዳትና የነገውን የነዳጅ ብር መክፈል ነው። እህታችን «ሰውየው ይህን ያደረገው ገና ሳንወርድ ነው፤ ሌላውስ እንዴት ያየናል?» አለች። ማንም መልስ አልነበረውም።

አባባ ግን «መጀመሪያ ሰው እንጠይቅ» አሉ። በአቅራቢያው ወዳለች ትንሽ ከተማ ነድተን አንድ የሸቀጥ ሱቅ አገኘን። እርሳቸው እንግሊዝኛቸው ጥቂት ነው፤ ግን ይዘውን ገቡ። ከመደርደሪያው ጀርባ ለነበሩት ሴት በእጃቸው የድንኳን ቅርጽ ሠርተው ፈገግ አሉ። የቀረውን እኛ አስረዳን። ሴትዮዋ ስልክ አነሱና አንድ ሰው ጋር ደወሉ። «ካውንቲው ሐይቅ ዳር ትንሽ መናፈሻ አለው፤ ኢንተርኔት ላይ የለም። የሚጠብቀውን ሰው ነግሬዋለሁ። ድንኳን ይቻላል» አሉን። መንገዱንም የወረቀት ከረጢት ላይ ሳሉልን፦ ስንት ማይል ወደ ሰሜን፣ ስንት ማይል ወደ ምዕራብ። አራት ማዕዘን የሆነ አገር አንድ ጥቅሙ ይህ ነው፤ አቅጣጫ መስጠት ቀላል ነው።

ለእናታችን አስር ሊገባ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ደወልን። አባባ ስልኩን ተቀብለው «የአላህ እንግዳ ሆነን አገኘን» አሏቸው።

ውድ አንባቢዎች! ከጉዞው ሁሉ የያዝነው ትልቁ ነገር ይህ ነው። ካርታ የመሬቱን ባለቤት ይነግራችኋል። ማደሪያውን ግን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ሰው ነው። ሰው ለመጠየቅ ደግሞ ቀድሞ የቀመሱት እምቢታ እንቅፋት ይሆናል። አንድ በር ሲዘጋብን «እኛን አይፈልጉም» ብለን የሌላውን በር ሳናንኳኳ ብንመለስ ኖሮ ያቺን ሴት አናገኛትም ነበር።

ሮስ

በማግሥቱ ጠዋት መስጂዱ ጋር ደረስን። በእርሻ መካከል ብቻውን የቆመ ትንሽ ቤት ነው። የመጀመሪያው ሕንፃ ሰው እያነሰ ሄዶ በ1979 ፈርሷል፤ የዛሬውን በ2005 የሰፋሪዎቹ ዘሮች ሠሩት። ጉልላትና አራት ቀጫጭን ሚናራዎች አሉት። አጠገቡ ቀብሩ፣ መግቢያው ላይ ጨረቃ። ነፋሱ ሣሩን ያስተኛዋል፤ ሌላ ድምፅ የለም። ሁለት ረክዓ ሰግደን ለሟቾቹ ዱዓ አደረግን። አባባ በድንጋዮቹ መካከል ብዙ ቆዩ፤ ሲመለሱ የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «መጀመሪያ የመጡ ቀን የት አደሩ ይሆን?»

ካርታ ያልነበራቸው፣ ቋንቋውን ያላወቁ፣ በዚያ ብርድ ምድር ለዓመታት በየቤታቸው እየሰገዱ ቆይተው መስጂድ የሠሩ ሰዎች ናቸው። እኛ ለአንድ ሌሊት ማደሪያ ያን ያህል ተጨንቀን ነበር።

አራተኛው ሌሊት፦ የሕዝብ ሣር

የመጨረሻው ማደሪያችን ከዋትፎርድ ሲቲ በስተደቡብ ያለው የሊትል ሚዙሪ ብሔራዊ የሣር ምድር ነበር። ከአንድ ሚሊዮን ኤከር በላይ ነው። ታሪኩ ከሮስ ታሪክ ጋር ይገናኛል። በ1930ዎቹ ድርቅ ሰፋሪዎች ጥለውት የሄዱትን መሬት መንግሥት ገዛው፤ በ1960 ብሔራዊ የሣር ምድር ተብሎ ተሰየመ። የሚያስተዳድረው የደን አገልግሎቱ ነው። የተለየ ክልከላ ከሌለ በስተቀር ማንም ሰው እስከ 14 ቀን በነፃ ድንኳን ተክሎ ማደር ይችላል። አሜሪካዊ መሆን፣ መመዝገብ፣ መክፈል አይጠየቅም።

ነፃ ነው ማለት ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም። ውሃ የለም፤ ለመጠጥና ለውዱእ ለእያንዳንዱ ሰው አስልተን ጭነን ነው የገባነው። መጸዳጃ የለም፤ ቆፍሮ መቅበር ነው። የሕዝቡ መሬት ከግለሰብ መሬት ጋር ስለተሰባጠረ የደን አገልግሎቱን ነፃ ካርታ አስቀድሞ ስልክ ላይ ማውረድ ግድ ነው። መንገዱ ሸክላ አፈር ነው፤ ዝናብ ከነካው ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ተጣብቆ መኪና አያስኬድም። ስለዚህ ዝናብ ከተተነበየ አይገባም። ኔትወርክም የለም፤ ለእናታችን ከመግባታችን በፊት የቦታውን አቅጣጫና የምንወጣበትን ሰዓት ነገርናቸው።

ያ ሌሊት ከሁሉም ያማረ ነበር። እሳት የተከለከለበት ደረቅ ጊዜ ስለነበር በጋዝ ምድጃ ቡና አፈላን። ሱብሓነላህ! ሰማዩ እስከ መሬት ድረስ ኮከብ ነው። አባባ «አሁን ከሚሴ ደረስኩ» አሉ።

ለመውጣት ለምታስቡ

በዚያ አገር ለምትኖሩና ለመውጣት ለምታስቡ በአጭሩ፦

አንደኛ፣ አራት በሮች አሉ፦ የከተማና የካውንቲ መናፈሻ፣ የግዛት ፓርክ፣ የግድብ ዳር ካምፕ፣ ብሔራዊ የሣር ምድር። የግሉ ካምፕ አምስተኛ ነው፤ ድንኳን ይቀበሉ እንደሆነ በጽሑፍ አረጋግጡ።

ሁለተኛ፣ ለዱር ወፎች የተጠበቁ ረግረጋማ ቦታዎች ካርታ ላይ የሕዝብ ተብለው ይታያሉ፤ ለአደን ይገባባቸዋል፣ ድንኳን ግን አይተከልባቸውም። ምልክቱን አንብቡ።

ሦስተኛ፣ የምታድሩበትን ካውንቲ ስም እወቁ። የማዕበል ማስጠንቀቂያ ሲነገር የሚጠራው የካውንቲው ስም ነው።

አራተኛ፣ በአንድ ቦታ ስንት ድንኳንና ስንት ሰው እንደሚፈቀድ ጠይቁ። እንደኛ ቤተሰቡ ብዙ ከሆነ ይህ ወሳኝ ነው።

አምስተኛ፣ ስትነሱ ቦታውን ካገኛችሁት አጽድታችሁ ተዉት። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሂጃብ የለበሰች እህት ያለችበት ቤተሰብ የሚታየው በእናንተ ነው።

ስድስተኛ፣ የወላጆቻችሁን ጭንቀት አትናቁ። እናታችን የሰጡን ሁኔታ ሸክም መስሎን ነበር። በየቀኑ ሳይመሽ እንድናስብ ያደረገን ግን እርሱ ነው።

በሮስ ያረፉትን አላህ ይማራቸው፤ መንገደኛ ለሆነ ሁሉ ደግሞ መልካም ማደሪያ ይግጠመው። ሌላ የምታውቁት ቦታ ካለ ከሥር ጻፉልን፤ ለሌላው ሙሳፊር ይጠቅማል።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።